አሥራ አምስተኛው ዝናር

ጳጉሜ 1 ቀን 1969 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሃምሳ አለቃ ኢታና ጃንጥላውን እያራገፈ ወደ ቀበሌው የመሣሪያ ክፍል ሲገባ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። በግራው ግድግዳ አሥራ ስምንት ምንሽር፣ በቀኙ አሥራ ስድስት የአሜሪካ ጠመንጃ ተደርድሯል። ከእያንዳንዱ ጠመንጃ ሥር አንድ ዝናር ተሰቅሏል፤ በእያንዳንዱ ዝናር ሠላሳ ጥይት ተሰክቷል፤ ድምሩ አንድ ሺህ ሃያ። የምንሽሮቹ ዝናር ጠርዙ ነጭ ነው፣ የአሜሪካዎቹ ቀይ። በጠመንጃዎቹ ማንገቻ ላይም እንዲሁ ነጭና ቀይ ክር ተጠልፏል። ክፍሉ የአንድ ፊታውራሪ ኮርቻ ማስቀመጫ ነበር፤ ከተወረሰ ሁለት ዓመት ቢያልፈውም ዝናብ ሲሆን የፈረስ ላብ ይሸታል።

ጥይቶቹ በመጋቢቱ አሰሳ ከጉለሌ ጓዳዎችና ጓሮዎች የተለቀሙ ናቸው። አንዳንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንዳንዱ በቅል ውስጥ፣ አንዳንዱ ከጌሾ ሥር ተቀብሮ የተገኘ ነው። ቀበሌው የመዘገባቸው በባለቤቶቻቸው የቤት ቁጥር እንጂ በዓይነታቸው ስላልነበር፣ ኢታና እነሱን ለመለየት አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶበታል።

የሁለቱ ጥይቶች መቀመጫ በስፋት አንድ ነው። ዝናር ውስጥ ሲሰኩ ወገባቸው በጨርቅ ስለሚሸፈን የሚታየው መቀመጫቸውና አፍንጫቸው ብቻ ነው። የምንሽሩ ቀለህ ከአሜሪካው በስድስት ሚሊሜትር ያጥራል፤ እርሳሱ ግን በግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። ረጅሙ የአሜሪካ ጥይት ምንሽር ውስጥ አይገባም፤ መዝጊያው እምቢ ይላል፣ ጣጣው በዚያው ያልቃል። አጭሩ የምንሽር ጥይት ግን አሜሪካው ውስጥ፣ በተለይ ጠመንጃው ካረጀ፣ በጉልበት ይገባል። ወፍራሙ እርሳስ በጠባቡ አፈሙዝ ማለፍ ሲያቅተው እሳቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ የተኳሹ ፊት ነው። ኢታና በሠላሳ አንድ ዓመት የውትድርና አገልግሎቱ ይህን አንድ ጊዜ አይቷል። ክሩንም ጠርዙንም ያበጀው ሁለተኛ ላለማየት ነው። ከአሜሪካው ተሸካሚዎች አንዱ ደግሞ የልጁ ባል ስብሐት ነበር።

በዚህ ላይ ከወይራ የጠረበው አንድ እንጨት አለው። “ልክ” ይለዋል። መሐሉ የተቦረቦረ ነው፤ ጥይቱ በአፍንጫው ሲገባ የአሜሪካው መቀመጫ ከእንጨቱ በላይ ጎልቶ ይቀራል፣ የምንሽሩ ይሰምጣል። ዓይን ቢደክምም አውራ ጣት ያውቀዋል።

በሦስት ሰዓት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፀሐዬ መጣ። ከአብዮቱ በፊት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበርና ቆሞ ሲያወራ እስካሁን አንድ እጁን ወደ ላይ አንስቶ የሌለ ብረት ይይዛል።

“ጋሽ ኢታና፣ መስከረም ሁለት አብዮት አደባባይ እንወጣለን።”

“ሰምቻለሁ ጓድ ሊቀመንበር።”

“ትናንት ጥበቃዎቻችንን አሰልፌ አየኋቸው። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ነጭ። ኳስ ሊጋጠሙ የመጡ ሁለት ቡድኖች ነው የሚመስሉት።” አንዱን ነጭ ጠርዝ በጣቱ አነሳ። “ሁሉም ቀይ ይሁን። ማንገቻውም ጭምር።”

“ነጩ ለጌጥ አይደለም።”

“ቀዩስ ለጌጥ ነው?”

ኢታና መልሱን ዋጠ። በዚያ ዓመት እንዲህ ላለው ጥያቄ ፈጥነው የመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱን በስም ያውቃቸዋል፤ የት እንዳሉ ግን አያውቅም።

“ጥይቱ እንዳይሳሳት ነው” አለ ቀስ ብሎ። “ቀይ ለቀይ፣ ነጭ ለነጭ። ፊደል ያልቆጠረም ይገባዋል።”

“ቁጥር ይጻፍበታ። ከውስጥ በኩል፣ ሰው በማያየው። የቁጥር ነገር ለእኔ ተዉት፣ ስንት ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ።”

ብዙ ተባባሉ። በመጨረሻ ሁሉም ዝናር በቀይ እንዲጠረዝ፣ ከውስጥ በጥቁር ክር ቁጥር እንዲሰፋበት ተስማሙ፤ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ለአሜሪካው፣ ከአሥራ ሰባት እስከ ሠላሳ አራት ለምንሽሩ። ተሰፍቶ ሲመለስ ኢታና የአሜሪካዎቹን ጥይት አንድ በአንድ በልኩ አሳልፎ ይፈርማል።

“እርስዎ ሳይፈርሙ አንድ ጥይት ከዚህ አይወጣም” አለ ፀሐዬ። “በቃ?”

“በቃ።”

ዝናሮቹን የሚሰፋው የቀበሌው የልብስ ስፌት ማኅበር ነው፤ የኢታና ልጅ ደሳለች እዚያ ሲንጀር ላይ ትሠራለች። ጠርዝ ለመስፋት ጥይቱ መውጣት ስላለበት፣ ደሳለች የሁለቱን ዓይነት በሁለት ቅርጫት ለይታ በሁለት ጥግ አስቀመጠች፤ ማንም እንዳይነካካውም አስጠነቀቀች። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልተነካካም።

ጳጉሜ 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። ሴቶቹ መቀስና ክር ጥለው ጸበሉ እንዳያመልጣቸው ወደ ግቢው ሮጡ። ደሳለች ጴንጤ ስለሆነች ማሽኗ ላይ ቀረች። የጥበቃ ተራውን የጨረሰው ስብሐት በመስኮቱ ብቅ አለ፤ ውሃ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል።

“አንቺ፣ ነይ ውጪ።”

“ሥራ አለብኝ።”

“ሩፋኤል የቤተ ክርስቲያን መታወቂያ አይጠይቅም። ነይ እንጂ፣ አባትሽ ከጠየቁ ልብስ ላስገባ ነው የወጣሁት በያቸው።”

“አባባ ዝናብ ሲዘንብ የሚያስቡት ስለ ዝገት ነው።”

“እሳቸውማ እኔንም ዘይት ሊቀቡኝ ይፈልጋሉ።”

ወጣች። ከተጋቡ ስምንተኛ ወራቸው ነበር። ሸማኔ ነውና ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ፊቷ ላይ የተለጠፈውን ፀጉር ፈትል እንደሚለይ አድርጎ አንድ በአንድ አነሳላት። ሴቶቹ እልል አሉባቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ።

ስትመለስ ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈስስ ነበር። ቁርጥማታቸው ተነስቶባቸው ከሌሎቹ ሰፊዎች ቀድመው ከዝናቡ የገቡት እትዬ ሠርካዲስ በአንድ ትልቅ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ከሁለቱም ቅርጫት ያለው ጥይት ሳፋው ውስጥ ነው።

“እንዳይረጥብ ብዬ ነው ልጄ” አሉ። ወዲያው የደሳለችን ፊት አይተው የሠሩት ገባቸው። “አሻጥር ይሉኛል። በልጄ የተነሳ ቀበሌው ፋይል ከፍቶብኛል፤ ታውቂያለሽ። ደሳለችዬ፣ ለማንም…”

“ማንም አይሰማም እትዬ። እኔ እለየዋለሁ።”

እስኪመሽ ለየች። አብዛኛውን ዓይን ይለየዋል። ከመሬት ወጥተው የጠቆሩት፣ አፍንጫቸው ድብልብል የሆነው ግን አስቸገሯት። ሃያ ሁለቱን “የአሜሪካ ይመስሉኛል” ብላ ብቻቸውን አስቀመጠች። ለአባቷ ልትነግረው አሰበች፤ ግን አባቷ የሰማውን ሳይመዘግብ የማይተኛ ሰው ነው፣ የተመዘገበውን ደግሞ ፀሐዬ ያነብበዋል። ስለዚህ አንድ ነገር ወሰነች። ሃያ ሁለቱን ራሷ በሰፋቻቸው በሁለቱ የመጨረሻ ዝናሮች፣ በአሥራ አምስተኛውና በአሥራ ስድስተኛው ውስጥ ሰካቻቸው። አባባ ሁሉንም በልኩ ያሳልፋል፤ ይህ እንደማይቀር እንደ ስሟ ታውቃለች። ስህተት ካለ እሱ ያገኘዋል፤ የሚገኘውም በእሷ ሥራ ውስጥ እንጂ በሠርካዲስ ሥራ ውስጥ አይሆንም።

ጳጉሜ 5 ቀን ጥበቃዎቹ ለበዓሉ የሰላምታ ተኩስ ሊለማመዱ በስድስት ሰዓት ወደ እንጦጦ ዳገት እንዲወጡ ታዘዘ። ኢታና ከሁለት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ ልኩን ፊቱ አስቀምጦ ተቀመጠ። ማውጣት፣ ማስገባት፣ በአውራ ጣት መዳሰስ፣ መመለስ። ለአንድ ዝናር ስምንት ደቂቃ። በመጀመሪያው ምንም የለም። በሁለተኛው ምንም የለም። በእያንዳንዱ ትይዩ በመዝገቡ ላይ ዜሮ ጻፈ። አሥራ አራተኛውን ዜሮ ጽፎ ቀና ሲል አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ሆኗል፤ በሩም ላይ ፀሐዬ ቆሟል።

“ደመናውን አዩት ጋሽ ኢታና? ስድስት ሰዓት ከጠበቅን ጭቃ ውስጥ ነው የምንዳክረው። አሁን እንውጣ።”

“ሁለት ቀሩኝ። አሥራ ስድስት ደቂቃ ስጡኝ።”

“በአሥራ አራቱ ስንት ስህተት አገኙ?”

“የለም።”

“ታዲያ?”

ከውጭ ጥበቃዎቹ መሬት እየረገጡ ይሳሳቃሉ። “ጋሽ ኢታና ጥይት እያጠመቁ ነው!” አለ አንዱ። የስብሐት ድምፅ ተከተለ። “ታገሡ፣ አማቴ የሚያውቁት የጴንጤ ጥምቀት ነው። ሙሉ በሙሉ ካላጠለቁ አይለቁም።” ሳቁ ግቢውን ሞላ። ኢታናም ሳይወድ ፈገግ አለ።

አሥራ አምስተኛውን ዝናር ገለበጠው። ከውስጥ ጥቁሩ ቁጥር ተሰፍቷል። ስፌቱ ጥብቅና እኩል ነው፣ ቋጠሮው ከውስጥ ተደብቋል። የማን እጅ እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። አሥራ ስድስተኛውም እንዲሁ ነው። ደሳለች ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እሱ አጠገብ ቁጭ ብላ የጥይት ቀለህ ስትደረድር ያደገች ናት፤ በማኅበሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ሁለቱን ጥይቶች ጠንቅቃ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የሌሎቹ ሴቶች ሥራ ንጹሕ ከሆነ የእሷ እንዴት አይሆንም? በዝናሩ ላይ ዓይኑን አንድ ጊዜ አሳለፈ። ሠላሳ መቀመጫ፣ ሠላሳ አፍንጫ።

ብዕሩን አነሳና “ከ1 እስከ 16 ተመርምሯል” ብሎ ፈረመ።

ጥበቃዎቹ አንድ በአንድ እየገቡ መሣሪያቸውን ወሰዱ። ስብሐት ተራው ሲደርስ ኢታና የዘረጋለትን ዝናር ትቶ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ጠቆመ።

“እሱን ይስጡኝ አባባ። የሚስቴ ስፌት ነው።”

“በምን አወቅህ?”

“ሸማኔ ይጠየቃል እንዴ? ቋጠሮዋን ትደብቃለች።”

ኢታና አሥራ አምስተኛውን ዝናር በገዛ እጁ ትከሻው ላይ አደረገለት፤ ጠርዙንም አቃናለት።

አምስት ሰዓት ገደማ ከዳገቱ የመጀመሪያው ተኩስ ተሰማ። ቀድመው የሚተኩሱት የአሜሪካ ያዦች ናቸው፤ አሥራ ስድስቱ ድምፆች ተቀራርበው ወጡ። ኢታና ጠመንጃ የሚወለወልበትን ጨርቅ እያጠፈ አዳመጠ። ሁለተኛው ተኩስ ተንጠባጠበ፤ ከሁሉም ኋላ አንድ ብቻውን ወጣ። ድምፁ እንደ ሌሎቹ አልተሰነጠቀም፤ ሰፊና ድፍን ነበር። ለሦስተኛው ተኩስ የሚሰጠውን ትእዛዝ ጠበቀ። አልመጣም።

በሩን ሳይቆልፍ ወጣ። በአገልግሎቱ ዘመን ሁሉ የመሣሪያ ክፍል ክፍቱን ትቶ ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በባሕር ዛፉ መካከል ያለውን አቀበት በግማሽ ሩጫ ተያያዘው። ቅጠሉ እርጥብ ነው፣ ያንሸራትታል፤ ሁለት ጊዜ በጉልበቱ ወደቀ። እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች እየተቻኮሉ ሲወርዱ አገኙት።

“አባቴ፣ ከዚያ ማዶ አይሂዱ። አንዱን ልጅ ጠመንጃው…” አለች አንዷ፤ ፊቱን አይታ ግን አልጨረሰችም። ሸክሟን ወደ ጎን አድርጋ መንገድ ለቀቀችለት።

ስብሐት በጀርባው ተኝቷል። ጭንቅላቱ አጠገቡ ሲተኩስ በነበረው በዓምሃ ጭን ላይ ነው። በቀኝ ዓይኑና በጉንጩ ላይ የዓምሃ ሸሚዝ ተጭኗል፤ ሸሚዙ ቀለሙ አይለይም። ይተነፍሳል።

“ማቀባበያው አልሄድለት አለ” አለ ዓምሃ። “ቆሻሻ ነው አለኝ። በመዳፉ መታው። ሁለት ጊዜ መታው ጋሼ። ከዚያ ገባለት።”

ኢታና ተንበረከከ። የስብሐትን ጣቶች ያዘ፤ ሞቃት ነበሩ። በሌላ እጁ ከሣሩ ውስጥ የተተረተረውን ቀለህ አነሳ። ማጠሩን ለማየት መነጽር አላስፈለገውም። የምንሽር ነበር።

በሊቀመንበሩ ላንድሮቨር ጳውሎስ ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ አንዲት ነርስ ወጥታ ከኢታና ፊት ቆመች፤ ከመናገሯ በፊት ቆቡን አወለቀ።

ደሳለች በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ነበረች። አላለቀሰችም። ከሰማችበት ሰዓት ጀምሮ አንድ ነገር ስታሰላ ቆይታለች።

“አባባ፣ የትኛውን ነው የያዘው?”

“አሥራ አምስትን።”

“በልኩ አሳልፈውታል አይደል?”

ኢታና ያወለቀውን ቆብ በእጁ አገላበጠ።

“አባባ።”

“አላሳለፍኩትም።”

“እርስዎ?”

“አሥራ አራቱን አሳለፍኩ። እነዚያን ሁለቱን ተውኩ።”

“ለምን?”

“ያንቺ እጅ ስለሆነ።”

ደሳለች ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። የክር ቀይ ቀለም በጥፍሮቿ ሥር ገና አለ።

“መለየት ያቃተኝን እዚያ ነው የሰካሁት” አለች። “ሩፋኤል ዕለት ጣሪያው አፈሰሰ፣ እትዬ ሠርካዲስ እንዳይረጥብ ብለው ቀላቀሉት። እኔ ውጭ ነበርኩ። ከእሱ ጋር ዝናብ ውስጥ ነበርኩ። መልሼ ለየሁት፣ የተጠራጠርኩትን በኔ ዝናር አደረግሁ። እርስዎ ያገኙታል ብዬ ነው። ከእርስዎ የሚያልፍ ነገር የለም ብዬ…”

አባቷ አጠገቧ ተቀመጠ። ትከሻዋን ሊይዝ እጁን አነሳ፤ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ ስላልሆነ መልሶ አወረደው። ራሷ ዘንበል ብላ ደረቱ ላይ ወደቀች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነበር። ስብሐትን ቀበሩት።

ከቀብር መልስ ፀሐዬ ኢታናን ለብቻው ጠራው። ዓይኑ አብጧል፤ እሱም አልተኛም። እጁ የሌለውን ብረት አልያዘም፣ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል።

“ጋሽ ኢታና፣ ሪፖርት ነገ ይፈለጋል። የፀረ አብዮተኞች አሻጥር ነው ብንል ለሁላችንም ይሻላል። ጀግና ሆኖ ይመዘገባል። ለደሳለችም ቢሆን…”

“አሻጥረኛው ማን ሊባል ነው?”

“ጥይቱን የነኩት የስፌት ማኅበሩ ሴቶች ናቸው። ይጣራል።”

“የሚጣራ የለም” አለ ኢታና። “መርምሬአለሁ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን አልመረመርኩም። ወረቀት ስጡኝ።”

“ያስሩዎታል እኮ።”

“ወረቀት ስጡኝ ጓድ ሊቀመንበር።”

ቆሞ ጻፈ። ሰዓቱን፣ የዝናሮቹን ቁጥር፣ ያልተመረመሩትን ሥልሳ ጥይቶች፣ የጎደሉትን አሥራ ስድስት ደቂቃዎች፣ ሁሉንም በዝርዝር አሰፈረ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሳፋው፣ ስለ ሁለቱ ሴቶች አንድ ቃል አልጻፈም። በሕይወቱ እያወቀ አጉድሎ የጻፈው መዝገብ ይህ ብቻ ነው። ፀሐዬ አንብቦ ሲጨርስ ማኅተሙን አውጥቶ መታበት።

ኢታና ከቀበሌው በላይ ባለው በከፍተኛው እስር ቤት አሥር ወር ተቀመጠ። ደሳለች በየሳምንቱ ስንቅ ትወስድለት ነበር፤ ስለ ዝናሩ ዳግመኛ አልተነጋገሩም። እትዬ ሠርካዲስን ማንም አልጠየቃቸውም።

መስከረም 4 ቀን ከጦር ሠራዊቱ የተላኩት ሻለቃ ባሻ አለማየሁ በብረት መለኪያቸው የቀሩትን ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ጥይቶች አንድ በአንድ ለኩ። ሥራው አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። በአሥራ አምስተኛው ዝናር የተረፉት ሃያ ስምንቱ ትክክለኛ የአሜሪካ ጥይቶች ነበሩ፤ የአሥራ ስድስተኛውም እንዲሁ። ያለ ቦታው የተገኘው በአሥራ ዘጠነኛው ዝናር፣ በምንሽሮቹ መካከል፣ በአንድ የምንሽር ጥይት ቦታ የተሰካ አንድ ረጅም የአሜሪካ ጥይት ብቻ ነበር።